የኮሮላዬን እግር ማደስ፦ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ፣ ጅማ

መኪናዋ የ2005 እ.ኤ.አ. ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት። 1.8 ሊትር ሞተር፣ ማኑዋል ካምቢዮ፣ አራት በር። ልጆችን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ እናቴን አጋሮ ዘመድ ጥየቃ ትወስዳለች፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ደግሞ ጊቤን ተሻግራ አዲስ አበባ ትደርሳለች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ቤታችን ውስጥ “እንለውጣት” የሚለው ወሬ ቆሟል። ያለችንን በደንብ መያዝ ነው።

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው በአንድ ጉዳይ ላይ ጽኑ እምነት ስላለኝ ነው። በእኛ አካባቢ መንገድ ላይ የቤት መኪናን ቀድሞ የሚጨርሳት እግሯ ነው፤ ጎማውን ከአካሏ ጋር የሚያገናኘውና የጉድጓዱን ምት የሚችለው ክፍል ማለቴ ነው። ሞተሩ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለትና የአየር ፊልትሮው ከአቧራ ከጸዳለት ብዙ ዓመት ይሄዳል። ሰው ግን ገንዘቡንም ጆሮውንም የሚሰጠው ለሞተሩ ነው፣ ከሥር ያለውን የሚያየው ጎማ ሲበላ ብቻ ነው። እኔ ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ ከሥር ልጀምር ብያለሁ።

ሚያዝያ፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ድምፁን መለየት። ወደ ፈረንጅ አራዳ በሚወስደን የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስትሄድ ከፊት ቀጭ ቀጭ ትላለች። አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ወፈር ያለ “ዱብ” ይሰማል። ሁለቱን አንድ አድርጎ “እግሯ ይጮኻል” ማለት ያልተበላሸ ዕቃ ለመግዛት መንገድ መክፈት ነው።

የመጀመሪያው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከስታቢላይዘር ሊንክ ይመጣል። ይህች ቀጭን ዘንግ ጫፍና ጫፏ ላይ ትንንሽ ኳሶች አሏት፣ ሲላሉ በተደጋጋሚ ትንሽ ንቅናቄ ላይ ይጮኻሉ። ለዚህ ነው ኮብልስቶን ላይ የሚሰማው፣ አስፋልት ላይ የሚጠፋው። ሁለተኛው ከባድ ነገር ነው፤ ጎማውን ከሥር የሚይዘው የታችኛው ክንድ ጎሚኒ (የላስቲክ መጋጠሚያው)፣ ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ቦል ጆይንት ወይም ውልውልታን የሚያበርደው አሞርዛተር የላይኛው መቀመጫ ሊሆን ይችላል።

ጋራዥ ከመሄዴ በፊት ግቢ ውስጥ ራሴ የቻልኩትን ፈተሽኩ። የፊት አፍንጫዋን በሁለት እጅ ወደ ታች ጫን አድርጌ ለቀቅኩ። ደህና አሞርዛተር ቢኖራት አንዴ ተነስታ ትረጋ ነበር፣ የእኔዋ ግን ደጋግማ ዋለለች። ከዚያ በክሪክ አንስቼ፣ ከሥሯ መቆሚያ ብረት አስገብቼ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅኩ። በዚህ አያያዝ የሚላላ ጎማ ቦል ጆይንት ወይም ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ማለቁን ይናገራል። በግራና በቀኝ ተይዞ የሚላላ ከሆነ ደግሞ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ቴስቲና ነው። ባለቤቴ በባትሪ መብራት ከሥር እያየች “እዚህ ጋ ይንቀሳቀሳል” ስትል ቦል ጆይንቱ እንደሆነ አወቅን። የቀኙ ነበር።

ከሰዓት ጋራዥ ወስጄ ጋሼ አዩልኝ። ጋሼ የምላቸው መካኒኬን ነው፤ ከእኔ በብዙ ዓመት ይበልጣሉ፣ እጃቸው የተፈተነ ነው። ረጅም ብረት አስገብተው የታችኛውን ክንድ ፈልቀቅ ሲያደርጉት የቀኙ የኋላ ጎሚኒ ተሰንጥቆ ታየ። ሁለቱም የፊት አሞርዛተሮች ዘይት አልቅሰዋል፣ ሁለቱም ሊንኮች አልቀዋል። የግራው ቦል ጆይንት ግን ጤነኛ ነው።

ጋሼ እጃቸውን እየጠረጉ፣ “ልጄ፣ ቀኙ ሁልጊዜ ይቀድማል” አሉኝ። አሰብኩበት፣ እውነት ነው። እኛ በቀኝ እንነዳለን፤ የአስፋልቱ ጠርዝ የተበላው በቀኝ ነው፤ ከፊት አይሱዙ ሲመጣ ከመንገድ የምትወርደው በቀኝ ነው፤ ባጃጅ ድንገት ሲቆምብህ የምትሸሸው ወደ ቀኝ ቦይ ነው። በዝናብ ጊዜ ውኃ የሚያቁረውም እዚያው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስፈትሽ ከቀኝ እጀምራለሁ።

ሚያዝያ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ

ከፍ እናድርጋት ወይስ እንተዋት? ከመሬት ያላት ክፍተት ከአንድ ስንዝር ያንሳል። ቤተሰብ ሞልቶባት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስትሻገር ሆዷ ይነካል። ጋራዡ ውስጥ ካሉት ወጣቶች አንዱ ስፕሪንጉ ላይ ማንሻ ጎማ አስገብተን ሁለት ጣት እናንሳት አለኝ። ብዙዎች ያደርጉታል።

ጋሼ አልወደዱትም፣ እኔም አልወደድኩትም። የፊት ጎማ የሚነዳት መኪና ከፍ ስትል ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚሄደው አክስል ተጋድሞ መሥራቱ ይቀራል፣ ዘንበል ብሎ ይሠራል። አክስሉ ጫፍ ላይ ያለው መታጠፊያ፣ ሲቪ ጆይንቱ፣ በዚያ አንግል ላይ ሙቀትና ጫና ይበዛበታል፣ የሚሸፍነው ላስቲክም ቶሎ ይቀደዳል። አንዴ ከተቀደደ ግራሶው ይወጣል፣ የጅማ ቀይ ጭቃ ይገባል፣ መሪ ጥምዝዝ ስታደርግ ቀጭቀጭታ ይጀምራል። ማንሻው የጎማውን አቀማመጥም ያዛባል። ሁለት ጣት ከፍታ አግኝቶ አክስል መክፈል አያዋጣኝም። ሥራውን የሚችል አዲስ አሞርዛተር ራሱ መኪናዋ ጉብታ ላይ እንዳትሰጥም ያደርጋታል። የቀረውን በላሜራ እከላከላለሁ (ከታች እመለስበታለሁ)።

የዕቃ ጉዳይ። ጅማ ውስጥ የኮሮላ ዕቃ አይጠፋም፣ ምርጫው ግን ጠባብ ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ስላለ ሱማሌ ተራ ዞሮልኝ በአውቶቡስ ላከልኝ። እንዲህ ነበር ያከፋፈልኩት፦ ቦል ጆይንትና የታችኛው ክንድ ኦርጅናል ይሁኑ፣ አሞርዛተሮቹ ጥሩ ስም ያላቸው አዲስ ይሁኑ፣ ሊንኮቹ ደግሞ ከርካሹ ይሁኑ። ሰው “ለምን ሁሉንም ኦርጅናል አታደርግም?” ይለኛል። ሊንክ ቢበላሽ ይጮኻል፣ ሌላ ነገር የለውም። ቦል ጆይንት ቢለቅ ግን ጎማው ከሥሯ ይታጠፋል፤ ያ ነገር የጊቤ ቁልቁለት ላይ ቢሆን ምን ሊከተል እንደሚችል ማሰብ አልፈልግም። ገንዘብ መቆጠብ ያለበት ሲሰበር ድምፅ ብቻ በሚያሰማው ዕቃ ላይ ነው።

አሞርዛተር ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች።

ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ

ዋናው ሥራ። ዋዜማውን ብሎኖቹን በሙሉ ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት አርሰን አደርን። ከሥር የገባው ጭቃ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ስለሚይዝ፣ ካልታጠበና ካልረጠበ ኪያቤ የዳዶውን ጥርስ ይበላል።

ጎማ ወጣ፣ ሊንኩ ተፈታ፣ የፍሬን ቱቦው ከአሞርዛተሩ ላይ ተነቀለ፣ ከታች አሞርዛተሩን ከጎማው ተሸካሚ የሚያይዙት ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ተፈቱ። ከመፍታታችን በፊት የብሎኖቹን ቦታ በቀለም ምልክት አድርገናል፤ እነዚህ ብሎኖች ትንሽ ቢዞሩ የጎማው ዘንባላ ይለወጣል። ከላይ ኮፈኑ ሥር ያሉት ሦስት ዳዶዎች የወጡት በመጨረሻ ነው።

እዚህ ላይ ለማንም ሰው መናገር የምፈልገው ነገር አለ። ከላይ መሀል ላይ የምትታየውን አንዷን ትልቅ ዳዶ ስፕሪንጉ ሳይታሰር እንዳትነኳት። ስፕሪንጉ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው፤ ያቺ ዳዶ ከተፈታች የመኪናዋን የፊት ጥግ ሲሸከም የኖረ ጉልበት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ጋሼ ስፕሪንግ መጨመቂያውን በሁለት ወገን አስገብተው፣ አንዴ ይህን አንዴ ያንን እያጠበቁ፣ ስፕሪንጉ ከመቀመጫው ላይ ላላ ብሎ መዞር ሲጀምር ነው ዳዶዋን የፈቷት። ረዳቱን ልጅ ደግሞ ፊቱን ከአናቱ በላይ እንዳያደርግ ሁለቴ ገሠጹት።

የአሮጌውን አሞርዛተር ዘንግ በእጄ ስገፋው ያለ ምንም ትግል ገባ፣ ተመልሶም አልወጣም። አዲሱ ግን እጄን ይታገላል፣ ለቀቅ ሳደርገውም ቀስ ብሎ ይመለሳል። የላይኛው መቀመጫ ላይ ያለው ኩሽኔታም አሸዋ እንደገባበት ይንኮሻኮሽ ስለነበር አብሮ ተለወጠ። ያን ሳይለውጡ አሞርዛተር ብቻ የሚቀይሩ አሉ፣ በወሩ ያንኑ ሁሉ ብሎን እንደገና መፍታት ነው።

ከዚያ የታችኛው ክንድ። አዲሱ ክንድ ከጎሚኒዎቹ ጋር ነው የመጣው። ረዳቱ ክንዱን አስገብቶ፣ መኪናዋ ገና በአየር ላይ እያለች ኪያቤውን አንስቶ፣ “ጋሼ፣ ላጥብቀው?” አለ።

“አይሆንም። ያዝ አድርገውና ተወው። መጀመሪያ ጎማዋ መሬት ይንካ።”

ይህን ብዙ ጋራዥ ውስጥ አያደርጉትም፣ እኔ ግን ከዚህ ሥራ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። ጎሚኒ በብረቱ ላይ የሚሽከረከር ነገር አይደለም፤ መሀሉ ያለው ብረት በብሎኑ ከተጠበቀ በኋላ ላስቲኩ ራሱ እየተጠመዘዘ ነው ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ ላስቲኩ “ቤቴ ይህ ነው” ብሎ የሚያስበው ያንን የተንጠለጠለ ቦታ ነው። መኪናዋ መሬት ስትወርድ ቆማ እንኳ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ ጉድጓድ ሲመጣ ደግሞ ይብስበታል። ከዚያ ኦርጅናሉ ዕቃ በአጭር ጊዜ ተሰንጥቆ ይገኝና ባለቤቱ ሻጩን ያማል። ጋሼ መኪናዋን ጋራዡ ውስጥ ባለው የመሥሪያ ቦይ ላይ አስቁመው፣ ፊቷን ጫን ጫን አድርገው አረጋግተው፣ ራሳቸው ከሥር ገብተው አጠበቁት።

የጎማ ዳዶዎቹን በመለኪያ ኪያቤ ነው የጠበቅናቸው፤ የፋብሪካው መጠን 103 ኒውተን ሜትር ነው። ኪያቤውን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚያስተምር ጓደኛዬ አዋሰኝ። በእግር ቆሞ ኪያቤ ላይ መዝለል ዳዶውን ያጠብቀዋል፣ ግን ዲስኩን ያጣምማል፣ ጥርሱንም ይስባል፤ ከዚያ ጎሚስታ በሌለበት መንገድ ዳር ስኮርታ መቀየር ያቃታል።

ማታ በዚያው ኮብልስቶን ተመለስኩ። ቀጭታው የለም። ዱብታውም የለም። የዳሽቦርዱን ፕላስቲክ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ ለካ የእግሩ ጩኸት ሸፍኖት ኖሯል።

ግንቦት፣ በሚቀጥለው ሳምንት

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቀማመጥ ማስተካከል። ክንድ ከተለወጠ በኋላ የግድ ነው። መሪው ቀጥ ብሎ መኪናዋ ትንሽ ወደ ቀኝ ብትሳብ ወዲያው አትደንግጡ። አስፋልት ውኃ እንዲያወርድ መሀሉ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ መኪና በተፈጥሮው ወደ ቀኝ ጠርዝ ያዘነብላል። ጎማ የሚበላው ግን ሁለቱ የፊት ጎማዎች እርስ በርስ የሚያዩበት አንግል ሲሳሳት ነው፤ በእጅ የጎማውን ገጽ ከውስጥ ወደ ውጭና ከውጭ ወደ ውስጥ ዳሰስ ሲያደርጉት በአንዱ አቅጣጫ እንደ መጋዝ ይቆረቁራል። የእኔ የቀኝ ጎማ ውስጠኛው ጠርዝ አልቆ ስለነበር ሁለቱን የፊት ጎማዎች ለወጥኩ።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብቡ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያልተነካ ጎማ መደርደሪያ ላይ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። አንዱን ሱቅ በዚህ ምክንያት ጥዬ ወጥቻለሁ።

ግንቦት መጨረሻ

የፍሬን ዘይትና የራዲያተር ውኃ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ጅማ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት የማያጣት ከተማ ናት፣ ከእኛ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጊቤን መውረድ አለበት። በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። የወጣው ዘይት ሻይ መስሎ ነበር፣ የገባው የጠራ ነው።

ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውኃ ብቻ መጨመር ልማድ ሆኗል። የዚህች መኪና ሞተር ብሎኩም ከላዩ ያለው ቴስታታም አሉሚኒየም ነው፣ ዝገት መከላከያ የሌለው ውኃ ከውስጥ ይበላዋል። ሌላም አለ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ እዚህ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በዚያ ሙቀት አካባቢ ነው የሚውለው። ልዩነቱን የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊትና ኩላንቱ ነው። ስለዚህ የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት። የእኔን ለወጥኩት፣ ኩላንቱንም ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል አድርጌ ሞላሁ።

ላሜራው፦ ብየዳ ቤት ሄጄ ከሞተሩ ሥር የሚገባ መከላከያ አሠራሁ። የዘይት ማውረጃው ብሎን ፊት ለፊት ቀዳዳ አስተውኩ፣ ውኃና ጭቃ እንዳያቁርም ከኋላ መውጫ አለው። አያያዙ በብሎን ነው፤ መበየድ ይቅርብኝ አልኩ።

ሰኔ አጋማሽ

አዲስ አበባ ደርሶ መልስ። ሙሉ ቤተሰብ፣ እናቴ ከኋላ፣ ሻንጣ ቤቱ ውስጥ ሁለት ማዳበሪያ አቮካዶና ለወንድሜ የተላከ ማር። ከመነሳቴ በፊት የኋላ ጎማዎችን ነፋስ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ በተለጠፈው ሰንጠረዥ መሠረት ለጭነት ከፍ አደረግኩ።

ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ደነባ፣ ሰኮሩ። እስከዚህ ድረስ መኪናዋ ጉድጓዱን ታያለች፣ ትውጣለች፣ ትረጋለች። ድሮ አንድ ጉድጓድ ከተመታ በኋላ አፍንጫዋ እየዋለለ ቀጣዩ ላይ ይደርስ ነበር፤ ሁለተኛው ጉድጓድ የሚያሳምመው ለዚያ ነው።

ጊቤ ቁልቁለት ላይ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ሞተሩ እንዲይዛት አደረግኩ። ፍሬኑን ያዝ አድርጌ ሙሉ በሙሉ እለቅቃለሁ፣ ረግጬው አልወርድም። የፍሬን ሸራ የመቃጠል ሽታ ከፊታችን ከሚወርድ የጭነት መኪና መጣ፣ ከእኛ አይደለም። ወንዙ ጋ መሬቱ ወደ 1,100 ሜትር ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱም ይለወጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር እንዲህ ያለ ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ አስረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ስለዚህ እታች ስትደርስ ነፍስ ትዘራለች፣ ወደ ወልቂጤ ስትወጣ ደግሞ ቀስ በቀስ ይወሰድባታል። ዳገቱን ኤሲ አጥፍቼ፣ ማርሽ ቀንሼ፣ ከመኪኖቹ ጋር ሳልታገል ወጣሁ። የሙቀት መለኪያው ከመሀል ንቅንቅ አላለም።

ወሊሶ ላይ ምሳ ስንቆም እናቴን፣ “እማዬ፣ ወገብሽ እንዴት ነው?” አልኳት።

“ደህና ነኝ ልጄ። ዛሬ መንገዱን ሠርተውታል እንዴ?”

መንገዱ ያው ነው። ባለቤቴ አየችኝና ሳቀች። ሲጫን የከረመ ትከሻዬ ቀለለኝ።

ነዳጅ በሙሉ ታንክ አስለክቼ ነበር፤ ሞልቶ መነሳት፣ ደርሶ እንደገና ሞልቶ የገባውን ሊትር ለተሄደው ኪሎ ሜትር ማካፈል። በረጅም መንገድ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ሰጠችኝ፣ ጅማ ከተማ ውስጥ በባጃጅ መሀል ግን ከ10 አታልፍም። ታንኩ 50 ሊትር ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ መሄጃውን በደስታ ይሸፍናል፣ መመለሻውን ግን አይደፍንም። ስለዚህ ሰልፉ አጭር የሆነ ማደያ ሳገኝ ግማሽ ቢሆንም እሞላለሁ። በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ግን አልነካም፤ ውስጡ ውኃ ይሁን ነጭ ጋዝ ማን ያውቃል።

ሐምሌ

ዝናብ። ሥራው ማጠብ ብቻ ነው፣ ግን ከሥር። ላቫጆ ቤት ሰውነቷን ያሳምሩና የጎማ ቤቱን ይተዉታል። እዚያ የተጣበቀው ቀይ ጭቃ ለሳምንታት እርጥበት ይዞ ብረቱን ይበላል፣ የኋላው ከበሮ ፍሬን ውስጥም ይገባል። አሁን ለልጁ ቀድሜ የምነግረው “ከሥር ጀምርልኝ” ብዬ ነው። ውኃ ያቆረ መንገድ ሳቋርጥ ደግሞ ወዲያው ፍሬኑን ቀስ አድርጌ እየነካሁ አደርቀዋለሁ።

ነሐሴ

አዲስ ድምፅ። ከ60 በላይ ስትሄድ እንደ ንብ ያለ ዝምዝምታ አለ። መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ሳዘነብል ይጨምራል፣ ወደ ቀኝ ሲሆን ይቀንሳል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ነው የሚወድቀው፤ የጎማ ጥርስ ድምፅ ቢሆን ኖሮ በዚህ ባልተለወጠ። የቀኝ የፊት ኩሽኔታ ነው። ጋሼም አንስተው በእጃቸው አሽከርክረው አረጋገጡ።

ይህ ዕቃ ተጨምቆ የሚገባ ስለሆነ በመዶሻ አይደበደብም፤ ተሸካሚው ብረት ተፈትቶ ቶርኖ ቤት በፕሬስ ነው የሚገባው። ኦርጅናሉን እንዲፈልግልኝ ለወንድሜ ቁጥሩን ልኬለታለሁ። እስኪመጣ አጋሮ አንሄድም፣ ከተማ ውስጥ በዝግታ ብቻ። ጋሼ ከፍልሰታ ጾም ፍቺ በኋላ ያለውን ቅዳሜ ይዘውልኛል።